የተማሪዎችን የስቴም ሥራ ለሕዝብ ተመራጮች ስለ ማሳየት፦ ለመምህራን የቀረበ መመሪያ

ከመደበኛው ክፍለ ጊዜ ውጭ፣ ከሰዓት በኋላና ቅዳሜ ጠዋት፣ ተማሪዎችን በሳይንስ፣ በቴክኖሎጂ፣ በኢንጂነሪንግና በሒሳብ፣ ማለትም ስቴም በምንለው ዘርፍ የምናሠለጥን መምህራን ሥራችንን ለወላጆች፣ ለሱፐርቫይዘሮችና ለረጂ ድርጅቶች ማሳየት ለምደናል። በጀት ለሚያጸድቁትና አስፈጻሚውን አካል ለሚጠይቁት የምክር ቤት አባላት ግን እምብዛም አናሳይም፤ በምናሳይበት ጊዜም ሥራው ራሱ በሥነ ሥርዓቱ ይሸፈናል። ይህን መመሪያ የምጽፈው ለዓመታት የስቴም ክበብ ስመራ ያልተሳካውንም የተሳካውንም ጉብኝት ያየሁ መምህር እንደ መሆኔ፣ ሌሎች ባልደረቦቼ የእኛን ስሕተት እንዳይደግሙ ከልብ ስለምፈልግ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የምክር ቤት አባል ገንዘብ አውጥተው የሚሰጡ ሹም አለመሆናቸው ነው። ሥልጣናቸው መጠየቅ፣ መከታተልና ድምፅ መስጠት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ለጥያቄ የመጥራትና የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን አለው፤ የክልልና የወረዳ ምክር ቤቶችም በየደረጃቸው አስፈጻሚውን ይከታተላሉ። ስለዚህ ተመራጩ ከትምህርት ቤታችን ሲወጡ ይዘውት ሊሄዱ የሚገባው ትልቁ ነገር በጉባኤ ወይም በቋሚ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ሊያነሡት የሚችሉ፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚያልቅ፣ መልስ የሚሻ አንድ ጥያቄ ነው። ከዚህ በታች የምገልጸው ዝግጅት ሁሉ ያንን ጥያቄ ለማግኘት፣ ለማሳየትና ለመከታተል ነው።

ጥያቄው ለየትኛው ምክር ቤት ነው?

በዚህ ነጥብ ላይ የሚፈጸመው ስሕተት ብዙ ድካም ያባክናል። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የመምህራን ደመወዝና የሥራ ማስኬጃ በአብዛኛው የሚሸፈነው ከክልሉ በጥቅል ከሚመጣው የወረዳ በጀት ነው። የክበቡ ክፍል መብራት እንዲገባለት፣ በሩ እንዲጠገን፣ ክበቡን የሚመራው መምህር ሳምንታዊ ክፍለ ጊዜ እንዲቀነስለት፣ ለሽቦ፣ ለባትሪና ለብየዳ እርሳስ መግዣ የምትሆን አነስተኛ ገንዘብ በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ በጀት ውስጥ ራሷን ችላ እንድትያዝ ሲፈለግ ትክክለኛው ሰው የወረዳ ምክር ቤት አባል ናቸው። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ጉዳዩ ወደ ከተማ ምክር ቤት ሊያመራ ይችላል። የአንደኛ ደረጃ ሥርዓተ ትምህርትን፣ የመምህራንን የሥራ ላይ ሥልጠና ወይም በየዞኑ የስቴም ማዕከል የመክፈት ዕቅድን የሚመለከት ከሆነ ደግሞ የክልል ምክር ቤት ጉዳይ ነው።

ወደ ፌዴራሉ ምክር ቤት የሚሄደው በሕግ የፌዴራል የሆነው ጉዳይ ነው። የትምህርት ሀገር አቀፍ መመዘኛዎችንና መሠረታዊ የፖሊሲ መለኪያዎችን የማውጣት ሥልጣን በአንቀጽ 51 የፌዴራል መንግሥቱ ነው፤ በገቢና ወጪ ዕቃ ላይ የሚጣለው የጉምሩክ ቀረጥም በአንቀጽ 96 እንዲሁ። በውጭ ሀገር የሚኖሩ ወገኖቻችን በሻንጣ ይዘው የሚመጡት ወይም በካርጎ የሚልኩልን የአርዱዊኖ ሰሌዳ (በኮድ የሚታዘዝ አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) እና ሴንሰር ጉምሩክ ላይ ሲያዝ የወረዳውን ተመራጭ ማስጨነቅ እሳቸውን ያሳፍራቸዋል፣ ዕቃውንም አያስለቅቅም። ዩኒቨርሲቲዎች በማኅበረሰብ አገልግሎታቸው በአካባቢው ለሚገኙ ተማሪዎች የከፈቷቸው የስቴም ማዕከላት፣ ለምሳሌ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው፣ እንዲሁ ከፌዴራል በጀት ጋር የተሳሰሩ ናቸው። እንዲህ ላለው ጉዳይ ከ547ቱ መቀመጫዎች መካከል የራሳችሁን የምርጫ ክልል የሚወክሉትን አባል ፈልጉ፤ ጉዳዩንም በስሙ ጠቅሳችሁ ለሰው ሀብት ልማት፣ ሥራ ስምሪትና ቴክኖሎጂ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ፣ የገንዘብ ጥያቄ ከሆነም ለፕላን፣ በጀትና ፋይናንስ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ እንዲያደርሱላችሁ ጠይቁ።

እኔ እንደማምነው ከሦስቱ ደረጃዎች በጣም የተዘነጋው የወረዳው ነው። ብዙዎቻችን ትልቅ እንግዳ ስንመኝ፣ ዘጠኝ ቀበሌ አልፈው በእግራቸው ወደ ጉባኤ የሚመጡትን፣ ልጃቸው እኛው ዘንድ የሚማርላቸውን የወረዳ ተመራጭ እናልፋቸዋለን።

ጊዜውን ስለ መምረጥ

የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመን በአንቀጽ 58 መሠረት ከመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ሲሆን፣ በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት ሊኖረው ይችላል። በጀት ተደምሮና ተቀንሶ ምክር ቤት የሚደርሰው በዓመቱ መጨረሻ ቢሆንም፣ መሥሪያ ቤቶች የሚቀጥለውን ዓመት ዕቅዳቸውን ማሰናዳት የሚጀምሩት ከወራት በፊት ነው። በሰኔ የቀረበ ጥያቄ «ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ለከርሞ እናየዋለን» የሚል መልስ ቢያገኝ ሊያስገርመን አይገባም፤ ወረቀቱ ታስሯል። ስለዚህ ጉብኝቱ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ቢሆን ይመረጣል። የፌዴራል ተወካዮች በዕረፍት ጊዜያቸው ወደየምርጫ ክልላቸው እየወረዱ ከመራጮቻቸው ጋር ስለሚወያዩ፣ ከወረዳው አፈ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት ጠይቆ ቀኑን ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

የገበያ ቀን ሁለት ፊት አለው። ከገጠር ቀበሌ የተመረጡ የምክር ቤት አባላት በዚያ ቀን ወደ ከተማ ስለሚመጡ እነሱን ማግኘት ይቀልላል፤ ነገር ግን ብዙ ተማሪዎች ወላጆቻቸውን ለመርዳት ስለሚቀሩ ክበቡ ባዶ ሊሆን ይችላል። የእናንተን አካባቢ የምታውቁት እናንተው ናችሁ። የጸጥታ ሁኔታ ወይም መንገድ ጉዞን በማይፈቅድበት ቦታ ሦስት ተማሪዎችን ከወላጅ ፈቃድ ጋር ይዞ ወደ ምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት መሄድ፣ ያም ካልሆነ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ በቴሌግራም መላክ ይቻላል፤ ከአካል ጉብኝት ያነሰ ቢሆንም ከዝምታ ይሻላል።

መዝገቡ

ተመራጩን ከመጋበዛችሁ ቢያንስ አንድ ሴሚስተር ቀደም ብላችሁ መዝገብ ክፈቱ። የተለመደው ባለ መስመር ደብተር ይበቃል። ስንት ተማሪ እንደ ተመዘገበ፣ ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ሴቶች እንደ ሆኑ፣ ከየትኛው ቀበሌ እንደሚመጡ፣ በየሳምንቱ ስንቱ እንደ ተገኘ፣ ስንቱ በመሃል እንዳቋረጠና ምክንያቱ ምን እንደ ነበረ፣ ምን እንደ ሠሩና ለዕቃው ስንት ብር እንደ ወጣ ይጻፍበት።

ያቋረጡትን የሚመለከተውን ዓምድ ለመሙላት እናፍራለን፤ ጉድለታችንን የሚያሳይ ይመስለናል። እኔ ግን ከሁሉም ዓምዶች የበለጠ የጠቀመን እሱ ነው እላለሁ። በእኛ ክበብ ሴቶች ልጆች ከኅዳር ወዲህ እየቀነሱ መሄዳቸውን ያወቅነው ከዚያ ዓምድ ነው። ቤታቸው ድረስ ሰው ልከን ስንጠይቅ፣ ክበቡ የሚያበቃው ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ በመሆኑ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ቶሎ ስለሚመሽ፣ ወላጆች ልጆቻቸው በጨለማ ወንዝ እንዲሻገሩ አልፈለጉም። ቅዳሜ ጠዋት እናድርገው ብንል፣ በዚያ ቀን ግቢውን ከፍቶ የሚጠብቅ ሠራተኛ ክፍያ አልተያዘለትም፤ በሩ ተቆልፎ ይውላል። እዚህ ላይ ነው ለተመራጩ የሚሰጠውን አንድ ጥያቄ ያገኘነው፦ «ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የቅዳሜ የጥበቃ ክፍያ በወረዳው በጀት ውስጥ ለምን አልተያዘም?» ሮቦት የሚል ቃል የሌለበት፣ ማንም የምክር ቤት አባል ሳይፈራ ሊያነሣው የሚችል፣ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊውም ምክንያቱን ገልጾ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከመዝገብ እንጂ ከምኞት አይገኝም።

ስለ ፈተና ውጤት መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። እያንዳንዱ ተመራጭ ይህን ቁጥር በመራጮቹ ፊት የተጠየቀበት ስለሆነ ውይይቱ ወደዚያ መሄዱ አይቀርም፤ «የክበባችን ተማሪዎች ግን ሁሉም አልፈዋል» ለማለትም ልብ ይነሣሣል። እውነት ቢሆን እንኳ አትቸኩሉ። በፈቃዱ ቅዳሜ ጠዋት ተነሥቶ የሚመጣ ተማሪ ቀድሞውንም ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ውጤቱን ያመጣው ክበቡ ይሁን የልጁ የቀደመ ብርታት መለየት አይቻልም። ከዚህ ይልቅ ተማሪዎቹ ሲገቡና ከአንድ ሴሚስተር በኋላ በተመሳሳይ አሥር ጥያቄዎች ምን ያህል እንደ መለሱ፣ ለምሳሌ የመለኪያ መሣሪያ ሳይሰጣቸው አንድ የተቋረጠ ዑደት የት ላይ እንደ ተቋረጠ ማግኘት እንደ ቻሉ፣ ጽፋችሁ አሳዩ። አነስ ያለ ማስረጃ ነው፤ ነገር ግን የሚያዝ ማስረጃ ነው።

ደብዳቤው

ርዕሰ መምህሩ ሳያውቁ ተመራጭ መጋበዝ ክበቡን ከራሱ ትምህርት ቤት ጋር ያጣላዋል። ስለዚህ ሐሳቡ በመጀመሪያ ለርዕሰ መምህሩ፣ ቀጥሎ ለወላጅ መምህራን ኅብረት ይቅረብ፤ ደብዳቤውም በትምህርት ቤቱ ስም፣ ቀንና ቁጥር ተጽፎበት፣ በርዕሰ መምህሩ ፊርማና በማኅተም ይውጣ፤ ግልባጩም ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይድረስ። የግልባጩን ነገር የማጠብቀው በቂ ምክንያት ስላለኝ ነው፤ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ችግሩን በጉባኤ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሰሙት እንደ ክስ ይቆጥሩታል፣ አስቀድመው ካወቁት ግን «እኛም ጠይቀን ነበር» ብለው ከጎናችን ሊቆሙ ይችላሉ።

የደብዳቤው አካል ከግማሽ ገጽ አይብለጥ። ለተመራጭ የሚገባው መጠሪያ «የተከበሩ» ነው። «ጉዳዩ» በሚለው ሥር «የተማሪዎችን የስቴም ሥራ በመስክ እንዲመለከቱልን ስለ መጠየቅ» ተብሎ ቢጻፍ፣ የመስክ ምልከታ የምክር ቤቱ የራሱ የዘወትር ሥራ ስለሆነ ለጽሕፈት ቤቱ አዲስ ነገር አይሆንበትም። ከዚያም እንዲህ ሊቀጥል ይችላል፦ «በትምህርት ቤታችን 38 ተማሪዎች በሳምንት ሁለት ቀን በኤሌክትሮኒክስና በኮዲንግ እየሠለጠኑ ይገኛሉ። የካቲት 14 ቀን ከጠዋቱ 3፡00 እስከ 3፡45 ሰዓት ተገኝተው ሥራቸውን እንዲመለከቱልን፣ በተለይም ሴት ተማሪዎች ሥልጠናውን እንዲያቋርጡ ያደረገውን የቅዳሜ የጥበቃ ክፍያ ችግር እንዲያዩልን በአክብሮት እንጠይቃለን።» ሰዓቱ መጀመሪያውም መጨረሻውም መገለጹን አስተውሉ። አርባ አምስት ደቂቃ ብቻ እንደሚፈጅ ያወቀ ሰው በቀላሉ እሺ ይላል። አንድ ሳምንት ሲቀረው ስልክ መደወል፣ በዋዜማውም ማስታወስ ነውር የለውም።

የጉብኝቱ ቀን

በመጀመሪያው ዓመት ድንኳን ተከልን፣ ባነር አሠራን፣ ተማሪዎቹን በሰልፍ አቆምን። እንግዶቹ አርፍደው ደረሱ፤ አራት ሰዎች ተራ በተራ ንግግር አደረጉ፤ ለእንግዶቹ ጋቢ ተደረበላቸው፤ ወደ ቤተ ሙከራው እንሂድ ሲባል ሌላ ፕሮግራም ስለ ነበረባቸው አመስግነው ሄዱ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምራ ጠረጴዛዋ አጠገብ የቆመች የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሥራዋን ማንም ሳያይላት ሽቦዎቿን ፈትታ ወደ ካርቶኑ መለሰች። ለጋቢዎቹ ያወጣነው ገንዘብ ለዓመት የሚሆን ባትሪ ይገዛ ነበር። ያን ቀን የተበደሉት ተማሪዎቹ ናቸው፤ ጥፋቱም የእንግዶቹ ሳይሆን የእኛ የአዘጋጆቹ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ድንኳኑም ጋቢውም ቀረ። ለሕዝብ ተመራጭ ስጦታ መስጠት ጉዳያችንን የውለታ መልክ ስለሚያስይዘው ጨርሶ ባይደረግ ይሻላል፤ ሻይ ወይም ቡና እንግዳን የማክበር ወጋችን ስለሆነ ይበቃል። የርዕሰ መምህሩ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር ሦስት ደቂቃ ሆነ። በክፍሉ ውስጥ ሦስት ጠረጴዛ ብቻ አዘጋጀን፤ ሃያ ሥራ ከመደርደር ሦስቱን በደንብ ማየት ይሻላልና። እንግዳው፣ አንድ የወረዳ ምክር ቤት አባል፣ በሰዓቱ ደረሱ። በገቡ በአምስት ደቂቃ መብራት ጠፋ። ፕሮጀክተሩ ጨለመ፤ ያዘጋጀነው የኮዲንግ ማሳያም አብሮ ቀረ።

ያቺው ልጅ፣ አሁን የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ በባትሪ የሚሠራ ሥራ ይዛ ነበር። ግማሹ በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ ደረቅ አፈር፣ አፈሩ ላይ የተተከሉ ሁለት ምስማሮች፣ አንድ ትራንዚስተር፣ አንዲት ቀይ ኤልኢዲ መብራት እና ባለ 9 ቮልት ባትሪ ናቸው። «ይህ የአባቴ የሽንኩርት መደብ ነው ብለው ያስቡት» አለቻቸው። ተመራጩ መብራቷ እንዳልበራች ሲያመለክቱ፣ በጆግ ያለውን ውኃ አቀበለቻቸውና «ጋሼ፣ እርስዎ ያፍስሱበት» አለች። አፈሰሱ። አፈሩ እየራሰ ሲሄድ መብራቷ መጀመሪያ ደብዘዝ፣ ቀጥሎ ደመቅ ብላ በራች። እርጥብ አፈር ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍ፣ ትራንዚስተሩም ያቺን ጥቂት ጅረት እንደሚያጎላት አስረዳች። እሳቸው ገበሬ ናቸውና «ምስማሩ አይዝግም ወይ?» ሲሉ ጠየቋት። «ይዝጋል፣ በሦስተኛው ሳምንት ቀይረነዋል። አሁን በምስማር ፋንታ የእርሳስ ጥቁሩን አስኳል እየሞከርን ነው» ብላ ሁለተኛውን ሃይላንድ አወጣች። መምህራኑ ከበስተኋላ ቆመን አንድም ቃል አልተናገርንም።

ከዚህ የተማርነውን አሳጥሬ ልግለጸው። ማብራሪያውን ተማሪ ይስጥ፤ ተመራጩ በእጃቸው የሚያደርጉት አንድ ነገር ይኑር፤ ቢያንስ አንዱ ሥራ ያለ መብራትና ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ይሁን፤ ያልተሳካውም ሙከራ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። ተማሪው ንግግር በቃሉ እንዲያጠና አታድርጉ፤ ይልቁን ካልተጠበቀ ጥያቄ ጋር እንዲለማመድ ከሌላ ክፍል መምህራን እየጠራችሁ ሥራውን እንዲጠይቁት አድርጉ። «አላውቅም፣ እንሞክረዋለን» ማለት ተገቢ መልስ መሆኑንም አስቀድማችሁ ንገሩት። በመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች መዝገቡን ገልጣችሁ ያቋረጡትን ዓምድ አሳዩ፤ ጥያቄውን በአንድ ወረቀት ላይ ብቻውን ጽፋችሁ፣ ከበታቹ ወጪው በዓመት ስንት ብር እንደሆነ አስልታችሁ በእጃቸው ስጡ።

ሊነሡ የሚችሉ ከባድ ጥያቄዎች

ከሁሉም የሚከብደው እንዲህ የሚለው ነው፦ «ልጆች መማሪያ መጽሐፍ በበቂ ሳያገኙ፣ አንዳንዶቹም ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እየተማሩ፣ እንዴት ስለ ሮቦት እናወራለን?» ይህ ጥያቄ ሲነሣ ቅር ሊለን አይገባም፤ የመራጮቻቸው ጥያቄ ነው፣ ትክክልም ነው። መልሱ ከምንጠይቀው ነገር ዓይነት ጋር የተያያዘ ነው። መጽሐፍና ወንበር በሌለበት ትምህርት ቤት የሮቦት ዕቃ እንዲገዛ የሚጠይቅ መምህር ቅደም ተከተሉን አዛብቷል ብዬ አምናለሁ። በሁለት ምስማርና በአንድ ትራንዚስተር የሚሠራ ክበብ ግን ከመጽሐፍ ጋር አይሻማም፤ በፊዚክስ መጽሐፉ በሥዕል ብቻ ያለውን ዑደት በእጅ የሚያስነካ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የክበብ ሥራ ከየትኛው ክፍል፣ ከየትኛው ትምህርትና ምዕራፍ ጋር እንደሚገናኝ የሚያሳይ አንድ ገጽ አዘጋጁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 4 መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች የማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ እንዳለበት ስለሚደነግግ፣ መጽሐፉንም ክበቡንም ተቀናቃኝ አድርጎ ማቅረብ እንደማያስፈልግ በትሕትና መግለጽ ይቻላል።

«ድርጅቱ ወይም ዩኒቨርሲቲው ድጋፉን ቢያቆምስ?» ለሚለው፣ ዛሬ በድጋፍ የሚመጣው የትኛው እንደሆነና ያ ቢቀር የትኛው ሥራ እንደሚቀጥል ለይታችሁ በሐቅ ተናገሩ። «38 ተማሪ ብቻ ነው፣ ሌላውስ?» ለሚለው ደግሞ የጉድኝት ማዕከሉ ትምህርት ቤቶች፣ ማለትም በአንድ ላይ የተቧደኑት የአቅራቢያ ትምህርት ቤቶች፣ በክፍሉ በተራ መጠቀም የሚችሉበትን መርሐ ግብር አስቀድማችሁ ያዙ። በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና ወዲህ «ኮዲንግ በኢንተርኔት በነጻ ይሰጥ የለም ወይ?» የሚል ጥያቄም ይመጣል። ዕድሉ መልካም ነው፣ ተማሪዎቻችንም እንዲመዘገቡ እናበረታታ፤ ነገር ግን ስልክ፣ ኮምፒውተርና ኔትወርክ የሌለው ልጅ ዕድሉን የሚያገኘው እኛው ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ የክፍሉ በር መከፈት ለዚያም ሥልጠና ያስፈልጋል።

ስለ ልጆቹ ደኅንነትና ስለ ገለልተኝነት

ፎቶ የሚነሣው የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ያለው ተማሪ ብቻ ነው። የልጁ ሙሉ ስም፣ የቤቱ አካባቢና የፈተና ውጤቱ በማኅበራዊ ገጽ ላይ አይወጣም፤ ድህነቱም የማሳመኛ ማቅረቢያ አይሆንም። የሕፃናት ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ የሚያዘው አንቀጽ 36 ሕግ አውጪ አካላትንም በስም ስለሚጠቅስ፣ ይህን ለእንግዳው ማሳወቅ ድፍረት ተደርጎ አይወሰድም። አንቀጽ 90 ትምህርት ከፖለቲካ ወገናዊነት ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። የፓርቲ ዓርማ ወደ ክፍሉ አይግባ፤ ተማሪዎች መፈክር አያሰሙ፤ የምርጫ ቅስቀሳ በሚደረግበት ወቅት ጉብኝቱ ቢቆይ ይሻላል። በአንድ አካባቢ ከተለያየ ፓርቲ የተመረጡ አባላት ካሉ ግብዣው ለሁሉም በአንድ ቃል ይላክ።

ከጉብኝቱ በኋላ

በሳምንቱ ውስጥ የምስጋና ደብዳቤ ይጻፍ፤ በደብዳቤውም ተመራጩ የተመለከቱት፣ የተሰጣቸው ጥያቄና እናደርጋለን ያሉት ነገር ካለ እሱ በአጭሩ ይገለጽ። ከዚያ በኋላ በየሩብ ዓመቱ ከመዝገቡ የተወሰደ አንድ ገጽ መላክ በቂ ነው። የምክር ቤቱ ጉባኤ ሲደርስ ከወላጅ መምህራን ኅብረት አንድ ሰው ሄዶ እንዲያዳምጥ አድርጉ፤ ጥያቄው መነሣቱን፣ መልሱን የሰጠው ማን እንደሆነና ምን እንዳለ በቀኑ ይመዝግብ። መልሱ «በጀት የለም» ቢሆንም ይጻፍ፤ በሚቀጥለው ዓመት ጥያቄው ከዚያ መልስ ይጀምራልና። ተመራጩ ዘመናቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ወይም መምህሩ ሲዛወር የሁሉም ግልባጭ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ በአንድ ክላሰር ታስሮ መቅረት አለበት።

የእኛ ጥያቄ ጉብኝቱ በተሳካበት ዓመት በጉባኤ ተነሥቶ «ይታያል» ተብሎ አለፈ። ያንኑ ቃል ከነቀኑ ጽፈን በቀጣዩ ዓመት በጥር ወር፣ በታኅሣሥ ከተገኙት ተማሪዎች ቁጥር ጋር አድርገን፣ ለዚያው አባል መልሰን ሰጠናቸው። በሐምሌ በጸደቀው በጀት የቅዳሜ የጥበቃ ክፍያ ለአንድ ሰው፣ ለግማሽ ቀን ተያዘ። መስከረም ትምህርት ሲጀመር ክበቡን ወደ ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል አዛወርነው፤ በመዝገቡም «ያቋረጡ» በሚለው ዓምድ የኅዳር ወር በሴቶቹ በኩል ሁለት ስም ብቻ ሰፈረ፤ አንዷ ቤተሰቧ ወደ ሌላ ከተማ በመዛወሩ፣ ሁለተኛዋ በሕመም ምክንያት ነበር።